ጢስ፣ ቅቤና ቅርንፉድ፦ የጣና ዳር ሴቶች ሽቶ

የሽቶ ባለሙያዎች ሽቶን በወገን በወገኑ ሲለዩ፣ ሞቅ ያለውን፣ ቅመም ቅመም የሚለውን፣ ከሥሩ ሙጫና እጣን ከላዩ አበባ ያለበትን የሴት ሽቶ ለረጅም ዘመን «የምሥራቅ ሽቶ» ሲሉት ኖረዋል። የፓሪሱ የጌርላን ቤት በ1925 ያወጣው ሻሊማርና የኢቭ ሳን ሎራን ቤት በ1977 ያወጣው ኦፒየም የዚህ ወገን ስመ ጥሮች ናቸው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኦፒየም ውስጥ ቅርንፉድና ከርቤ አለ። ሻሊማር ሲቀመም ዝባድ ገብቶበታል። እኔ ባህር ዳር አጠገብ ባለችው በመሸንቲ ተወልጄ ያደግሁ፣ ባህር ዳር ታሪክ የማስተምር ሴት ነኝ፤ እናቴ የቅመማ ቅመም ነጋዴ ነበረች። የእነዚህን ጠርሙሶች ይዘት ሳነብ የሚታየኝ ምሥራቅ አይደለም። የሚታየኝ የጎጃም ሲራራ ነጋዴ አጋሰሱን እየነዳ የሄደበት መንገድና እናቴ ከመደቧ ላይ በቁና በቁና የምትዘረጋው ሸቀጥ ነው።

ይህን የምጽፍበት ምክንያት ግልጽ ነው። ስለ ዝባድና ስለ እጣን ንግድ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ነጋዴው፣ ቀራጩ፣ ንጉሡና የውጭ አገር ተጓዡ ሁሉ ስማቸው ተመዝግቧል። ከዚያ ሸቀጥ ቆንጥራ ቤቷ የምታስገባው ሴት ምን እንደሠራችበት ግን የጻፈ እምብዛም የለም። የሠራችው ሽቶ ነበር። በጠርሙስ አልታሸገም፣ ስም አልወጣለትም፤ ቢሆንም ፓሪስ ያሉት ቀማሚዎች ከሚሠሩት ያላነሰ የታሰበበት ሥራ ነው።

ከዝባድ ልጀምር። ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ ቅባት ነው። ጥርኝ በሌሊት የሚንቀሳቀስ፣ ዝንጉርጉር ጠጉር ያለው አውሬ ሲሆን ከጅራቱ ሥር ባለ ከረጢት ውስጥ ቢጫማ ቅባት ያጠራቅማል። ጥሬው ሲሸት አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ እዳሪ እዳሪ ይላል። በጣም በጥቂቱ ከአበባና ከሙጫ ጋር ሲዋሐድ ግን ሌላውን ሽታ ሁሉ ያሞቀዋል፣ ከቆዳ ላይም ቶሎ ተንኖ እንዳይጠፋ ይይዘዋል። በጅማ፣ በኢሉባቦርና በወለጋ ገጠር ያሉ ገበሬዎች፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች፣ ወንዱን ጥርኝ በወጥመድ እየያዙ በጠባብ የእንጨት ማጎሪያ ያኖሩታል። ሥጋ፣ ዕንቁላል፣ ወተትና ገንፎ ያበሉታል፤ ቤቱ እንዲሞቅ እሳት ያነዱለታል፤ በየዘጠኝ በየአሥር ቀኑም ቅባቱን ጠርገው ይወስዳሉ። የተጠራቀመው በበሬ ቀንድ ይሞላና አፉ ይደፈናል። ቀንዱ ዕቃም መለኪያም ነው፤ ዝባድ በቀንድ ይሸጣል፣ በቀንድ ይገዛል።

በ19ኛው መቶ ዘመን ያ ቀንድ ወደ ሰሜን የሚወጣው በእኛው አገር በኩል ነበር። የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከ1825 እስከ 1861 ሲነግሥ፣ አገሩ የወርቅ፣ የዝባድ፣ የቡናና የዝሆን ጥርስ መናኸሪያ ነበረች። ከእናርያ የተነሣው ቅፍለት ጉድሩን አልፎ፣ የአባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ የጁቤ አጠገብ ካለው ከባሶ ገበያ ይደርሳል። ባሶ በዘመኑ ከደቡብ የሚመጣውና ከሰሜን የሚወርደው ሸቀጥ የሚገናኝበት ታላቅ ገበያ ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1840ዎቹ መጀመሪያ የጁቤ ተቀምጦ ስለዚህ ገበያ ብዙ ጽፏል። ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲም በ1843 ወደ እናርያ የተሻገረው ከነጋዴዎች ጋር በዚሁ መንገድ ነው። ከባሶ ወደ ጎንደር ከሚሄዱት መንገዶች አንዱ የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይይዛል፤ አባይን ዳግመኛ ተሻግሮ በደሪጣና በይፋግ ገበያዎች ያልፋል። ከጎንደር በኋላ ሸቀጡ ወይ በአድዋ አድርጎ ምጽዋ ይወርዳል፣ ወይ በመተማ ወደ ሱዳን ይገባል። ነጋዴዎቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። በ1668 በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ በጎንደር ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ወስኖ ስለነበር፣ የከተማው ንግድ ከዚያ ሰፈራቸው ይመራ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ባሶ ላይ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከእናርያና ከዙሪያዋ የተያዙ ሴት ልጆች ከዝባዱ ቀንድ ጋር በአንድ ቅፍለት እየተነዱ ያንኑ የአባይ በረሃ ተሻግረዋል። ጎንደርና መተማ ድረስ በእግራቸው ሄደዋል። የሽቶን ታሪክ የውበት ታሪክ ብቻ አድርጎ የሚተርክ ሰው እነዚህን ልጆች ከመንገዱ ላይ ማውጣቱ ነው፤ እኔ አላወጣቸውም። ተማሪዎቼንም ይህን ሳልነግራቸው ስለ ባሶ ገበያ አላስተምርም።

ወደ ምጽዋ የወረደው ነጋዴ ባዶውን አይመለስም። ከሚያመጣው መካከል ለሴቶች ትልቁ ቅርንፉድ ነበር። ቅርንፉድ ያልፈካ የአበባ እምቡጥ ነው፤ መጀመሪያ ይበቅል የነበረው በሩቅ ምሥራቅ፣ በሞሉካ ደሴቶች ብቻ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የኦማን ዐረቦች ዛንዚባር ላይ ተከሉት። መቶ ዓመቱ እኩሌታ ላይ ሳይደርስ ዛንዚባር የዓለም ቀዳሚ ቅርንፉድ አምራች ሆነች። የህንድ ውቅያኖስን በጀልባ፣ ቀሪውን በበቅሎና በአህያ ተጉዞ ከጣና ዳር የሚደርስ እምቡጥ እንዴት ውድ እንደነበር መገመት አያዳግትም። በፍሬ ተቆጥሮ ነበር የሚገዛው ትል ነበር አያቴ፤ እናቴ ግን በሲኒ ስትሰፍረው ነው የማስታውሳት።

ጎንደር በደጉ ዘመኗ በሽታ የተራቀቀች ከተማ ነበረች። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ፣ ቤተ መንግሥት ከመቅረቡ በፊት ጠጉሩን በአማራ ወግ ተስተካክሎ፣ ተጠቅልሎ፣ ሽቶ ተቀብቶ እንደነበር ራሱ ጽፏል። ከዚያ በኋላ መልኩ የአገሬው ሰው ሆነ። ወንዱ እንግዳ እንዲህ ከተቀባ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ግቢ ወይዛዝርት ምን ይቀቡ እንደነበር ቢጽፍልን ምንኛ ባመሰገንኩት! እቴጌይቱ እኮ ለጣና ባዕድ አይደሉም፤ ደቅ ደሴት ላይ ያለውን የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሳነጹ እርሳቸው ናቸው፣ ሥዕላቸውም ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው እዚያው ይገኛል። ልብሳቸውና ጌጣቸው በሥዕሉ ላይ ቀርቷል፤ ሽታቸው ግን አልቀረም።

ስለዚህ የሴቶቹን ነገር ከሴቶቹ ነው የተማርሁት። አያቴ፣ እናቴ፣ የእናቴ ደንበኞችና ጎረቤቶቻችን አስተምረውኛል። ያስተማሩኝም በሦስት ደረጃ የሚሠራ ሥራ ነው፦ መጀመሪያ ጢስ፣ ቀጥሎ ቅቤ፣ በመጨረሻ ቅርንፉድና የታጠነ ልብስ። ደረጃው አይፋለስም። ጢሱ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ለቀናት ይቆያል፤ ቅቤው ከራስ ላይ እየቀለጠ ቀን ሙሉ ይሠራል፤ ቅርንፉዱና የነጠላው እጣን ሰው ሲጠጋ መጀመሪያ የሚያገኘው ነው። የፈረንሳይ ቀማሚዎችም ሽቷቸውን ፈጥኖ የሚሸት፣ መካከል ላይ የሚመጣና ወደ ኋላ የሚቀር ብለው በሦስት ይከፍሉታል። ከእኛ ተምረዋል አልልም። የሰው አፍንጫ በየትም አገር አንድ ስለሆነ ሁለቱም ጋ አንድ ሥርዓት ላይ ተደርሷል።

ጢሱ እንዲህ ነው። ከጓዳው ጥግ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ፍም ይወርድበትና እንጨቱ ይጨመርበታል። እንደኛ ባለ ወይና ደጋ ወይራና ጡንጅት ይበዛል። ወይባ የሚባለው ግን ከቆላ በጭነት የሚመጣ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ እንጨት ነው። ሴቲቱ በጉድጓዱ አፍ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ከአንገቷ በታች በወፍራም ጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ትሸፈናለች። እንጨቱ መንደድ የለበትም፣ መጨስ ብቻ ነው ያለበት፤ ነበልባል ከያዘ ይታፈናል። ላብ ሲመጣ ጢሱ ከላቡ ጋር ይያያዛል። አራስ ወገቧ እንዲጠና ትታጠናለች፤ ሙሽራ ደግሞ ሠርጓ ሲቃረብ። በድንበሩ ማዶ የሱዳን ሴቶች ይህንኑ ከጠልህ እንጨት ጋር ይሠሩታል፤ ዱኻን ይሉታል። ከጢሱ በኋላ የሚቀቡት ኹምራ የሚባል ቅባት አላቸው፤ ሰንደል፣ ቅርንፉድና ምስክ ይገባበታል። በመተማ መንገድ ስንት መቶ ዓመት ሰው ሲመላለስ ዕውቀቱም አብሮ መመላለሱ የማይቀር ነው። ማን ከማን ወሰደ ብሎ መሟገቱ አይጠቅመኝም፤ ሁለቱም አገር ሴቶች አንድ ሙያ ይዘው መቆየታቸው ይበቃኛል።

ቅቤው ከሁሉ በላይ የምወደው ነው፤ ስለዚህ ልቆይበት። ለራስ የሚሆነው ለጋ ቅቤ ነው፣ የተነጠረ አይደለም። እናቴ ቅቤውን በሰፊ ገበቴ አድርጋ ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሰች ታሸዋለች። የሚወጣው ውኃ መጀመሪያ እንደ አጓት ይነጣል፤ እየጠራ፣ እየጠራ ሄዶ ንጹሕ ውኃ ሆኖ እስኪወርድ ታጥበዋለች። አሬራ ከቀረበት በሁለተኛው ቀን ይኮመጥጣል። በሌላ በኩል አደሱ ይደርቃል። አደስ ቅጠሉ ጥቃቅን፣ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ቁጥቋጦ ነው፤ በሜዲትራኒያን ዳርም ይበቅላል፤ ዕብራውያን ለዳስ በዓል ይይዙታል፤ በአውሮፓም የሙሽራ አበባ ውስጥ ይገባል። ቅጠሉ በጥላ ነው የሚደርቀው፤ ፀሐይ ካየው ሽታው ይሄዳል። ሲደርቅ በሙቀጫ ይወቀጥና በወንፊት ይነፋል። ዱቄቱ አረንጓዴ ቡናማ ሲሆን ሲሸት እንደ ጫካ ቀዝቀዝ፣ እንደ ቅመም ሞቅ ይላል። እናቴ ከዱቄቱ ጋር የተወቀጠ ቅርንፉድ በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ ትጨምራለች። አንዳንዴ አሪቲ። ከዚያ ቅቤው ላይ እየነሰነሰች ታሻለች፤ መልኩ ከነጭ ወደ ሣርማ እስኪለወጥ። ቅሉ ውስጥ ገብቶ፣ ተከድኖ ያድራል፤ ይሰነብታል። ደንበኛ መጥታ «እትዬ፣ ኮሰረትስ ብትጨምሪበት?» ስትላት መልሷ አንድ ነበር፦ «ኮሰረት ለወጥ ነው እህቴ፤ አደስ ለራስ ነው። ባልሽ ምሳ ቀረበ ብሎ ይነሣብሻል።»

ራስ የሚቀቡት ሹሩባ ከመሠራቱ በፊት ነው። ከአናት ላይ ድብልብል ቅቤ ይቀመጥና ሻሽ ይታሰራል። ገላው ሲሞቀው፣ ፀሐይዋም ስታገኘው ይቀልጣል፤ በጆሮ ግንድ፣ በማጅራት ይወርዳል። የውጭ አገር ተጓዦች ይህን ወግ በንቀት የጻፉት ብዙ ናቸው፤ ቅቤ ሸተተን ብለው አፍንጫቸውን ይዘዋል። በአደስ የታሸ ቅቤና በወጉ ያልታጠበ ቅቤ ለእነርሱ አንድ ነበር። ቅባት ሽታን እንደሚይዝ ግን በዚያው ዘመን የደቡብ ፈረንሳይ ሠራተኞች አሳምረው ያውቁት ነበር፤ ግራስ በሚባለው የሽቶ ከተማ የጃስሚን አበባ በተጣራ የእንስሳ ሞራ ላይ እየተደረደረ ሽታው ወደ ሞራው እንዲገባ ይደረግ ነበር። የጓዳችን ሙያና የግራስ ሙያ በሥራው አንድ ነው። አንዱ ሥልጣኔ፣ ሌላው ኋላ ቀርነት ተብሎ መጻፉ ዛሬም ያስቆጨኛል።

ቅርንፉዱ ደግሞ ለአንገት ነው። ደረቅ ቅርንፉድ በመርፌ ሲነካ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አያቴ ማታ ውኃ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች፤ ጠዋት ያብጥና ይለሰልሳል፤ ያኔ በመርፌ ወግታ በጥቁር ክር ትሰካዋለች፤ በየመካከሉ ዶቃ ወይም የብር ፍሬ ታስገባለች። ሲደርቅ ክሩን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ውሎ አድሮ ሽታው ሲደክም ድሪው እንደገና ውኃ ይነካና ይነቃል። አንገት ላይ የዋለ ቅርንፉድ ከቅቤው ወዝ ስለሚጠጣ፣ የቆየው ከአዲሱ ይበልጣል ይሉ ነበር። የባለጸጋ ሚስቶች ከዚህ ላይ የዝባድ ቅንጣት ከጆሯቸው ሥር ይነኩ እንደነበር አያቴ ከእናቷ ሰምታለች፤ እርሷ ግን በዘመኗ ዝባድ በእጇ ነክታ አታውቅም። ሸቀጡ በደጃችን እያለፈ ለመንደራችን ሴት የማይደረስበት ነበር።

አበባስ? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጠምበለል አለን፤ በጫካ ዛፍ ላይ የሚሳብ፣ ነጭ አበባው ማታ ማታ የሚሸት፣ የጃስሚን ዘመድ። የዘጌ ቡናም በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ማግስት ሲያብብ ከጃስሚን የማይለይ ሽታ አለው። በጀልባ ስትጠጋ፣ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ጫካ ከሩቅ ይሸትሃል። ሴቶቻችን ግን አበባን በቅባት አላስቀመጡም፤ ትኩስ ሆኖ በጆሮና በሹሩባ መካከል ይሰካ ነበር እንጂ። የሽታቸው መሠረት ሙጫ፣ ቅጠልና ቅመም ነው።

እጣን ከቤተ ክርስቲያንም ከቡናም ጋር ስለሚያያዝ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለልብስ መሆኑ ግን ይረሳል። በገል ፍም ይደረግና እጣኑ፣ ካለም ብርጉድና ከርቤ፣ ይነሰነስበታል። ነጠላው በተገለበጠ ቅርጫት ላይ ይዘረጋል፤ ጢሱ ፈትሉን ዘልቆ እስኪወጣ ይጠበቃል። የታጠነ ነጠላ ለብሳ ወደ ለቅሶ ቤት የሄደች ሴት ትታማለች፤ ለሠርግና ለንግሥ ግን ያልታጠነ ነጠላ መልበስ ቸልተኝነት ነው።

ያ እጣን ከየት ይመጣል? ከመተማና ከቋራ በረሃ። ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ ዛፍ ነው። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ባለው በጋ ሠራተኞች ግንዱን በትንሹ ይፍቁታል፤ ነጭ ወተት ይወጣና ይደርቃል፣ ይለቀማል፣ እንደገና ይፋቃል። ከጎጃም ደጋም ብዙ ወጣት ለዚህ ሥራ ይወርዳል፤ ሙቀቱና ወባው ከባድ ነው። ምርጡ ወደ ቻይና፣ ወደ ዐረብ አገሮችና ወደ አውሮፓ ይላካል። እናቴ መደብ ላይ የሚደርሰው ከቅርፊትና ከትቢያ ጋር የተደባለቀው ነበር፤ ቁጭ ብላ ፍሬ በፍሬ ስትለቅም ታመሽ ነበር። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በመተማ አካባቢ ዛፎቹን ተከታትለው በ2012 ያወጡት ጥናት፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ የዛፉ ቁጥር በ90 በመቶ እንደሚቀንስ ያመለክታል። እሳት፣ ልቅ ግጦሽና ግንድ ቦርቧሪ ጥንዚዛ አሮጌዎቹን እየገደሉ ነው፤ ቡቃያው ደግሞ አያድግም። ይህን ጥናት ካነበብሁ ወዲህ እጣን በከንቱ ሲጨስ ሳይ ያመኛል።

የጠርሙስ ሽቶ ወደ እኛ የመጣው በዐረብ ቤት በኩል ነው። የየመን ነጋዴዎች በየከተማው በከፈቷቸው ሱቆች ከስኳርና ከጋዝ ጎን ቅርንፉድ፣ ሰንደልና ትናንሽ ብልቃጥ ሽቶ ይሸጡ ነበር። በ1961 የባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ደመወዝ የሚቆጠርላቸው ሴቶች ከተማው ውስጥ በረከቱ። አክስቴ ከነዚህ አንዷ ነበረች። ማሽን ላይ የምትውል ሴት ቅቤ ተቀብታ መግባት አትችልም፤ ክሩን ያበላሻል። ሽቶ የገዛችውም በዚህ ምክንያት ነው ትለኝ ነበር። ለአያቴ ግን ብልቃጥ ሽቶ የዛር ነበር፤ ለውቃቢ የሚረጭ ነገር ሴት ልጅ ላይ አይሁን ትል ነበር። ቤት ውስጥ ስንት ክርክር አስነሥቷል!

ዝባዱም ከዚያ ቀደም ብሎ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። ኤርኔስት ቦ የሚባል ሩሲያ የተወለደ ቀማሚ በ1921 ለጋብሪኤል ሻኔል የሠራው ሻኔል ቁጥር 5 ውስጥ ዝባድ ነበረ። የኢትዮጵያ ቀንዶች ግራስ ደርሰው እየተጣሩ በዓለም በታወቁ ጠርሙሶች ውስጥ ገብተዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የእንስሳት ደኅንነት ተከራካሪዎች የጥርኙን ማጎሪያ ሁኔታ ለዓለም አሳዩ፤ የሻኔልም ቤት ከ1998 ጀምሮ በቤተ ሙከራ በተሠራ ምትክ መተካቱን አስታውቋል። ጥርኙ በዚያ ጠባብ ማጎሪያ መሰቃየቱ እውነት ነው፤ መለወጥ ያለበት ነገር ነው። ገበሬው ግን ይህን ሙያ ከአባቱ ተቀብሎ መቶ ዓመታት የዓለምን ሽቶ ይዞ ሲኖር፣ ስሙ በአንድም ጠርሙስ ላይ አልተጻፈም፤ ሲወቀስ ብቻ ነው የተጠቀሰው። ይህ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

ዛሬ መሸንቲ ውስጥ ሽቶ የሚመጣው ከጅዳና ከዱባይ ነው። ዐረብ አገር ሠርተው የሚመለሱ ልጆቻችን በሻንጣቸው የዘይት ሽቶ ይዘው ይገባሉ፤ ጽጌረዳ፣ ዑድና ዘፈራን ያለበት፣ ልብስ ላይ ታጥቦም የማይለቅ። ከእርሱ ጋር ቡኹር በቆርቆሮ ሣጥን ይመጣል። የእኛ እጣን በወደብ ወጥቶ፣ ከሽቶ ጋር ተቀምሞ፣ የወርቅ ቀለም ሣጥን ለብሶ ለእናታቸው ስጦታ ይሆናል። እነዚህ ልጆች በሰው ቤት ጉልበታቸውን አፍስሰው ያመጡት ስለሆነ አልንቀውም፤ ቅርንፉዱም ቢሆን የመጣው ከዚያው ባሕር ነው። በባህር ዳር ደግሞ ወይባ ጢስ በየውበት ሳሎኑ ተመልሷል፤ ጉድጓዱ በወንበርና በእንጨት ሣጥን ተተክቷል፤ በሰዓት ይከፈላል። ሠራተኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፣ ብዙዎቹ ሙያውን ከእናቶቻቸው አይተውታል።

ባለፈው ጥር ጎረቤታችን ልጇን ስትድር ሥራውን እንዳግዛት ጠርታኝ ነበር። ወይራና ጡንጅቱ ከጓሮ፣ ወይባው ከባህር ዳር ተገዛ፤ ልጅቱ ታጠነች። አደሱን የወቀጥሁት እኔ ነኝ። ቅቤው ተዘጋጅቶ ሲቀርብ ሙሽራዋ ጠጉሯን አዲስ አበባ ተሠርታ ስለመጣች ራሷን አልቀባም አለች። እናትየዋ ተቆጣች፤ አክስቶቹ ገቡ፤ ክርክሩ ረዘመ። በመጨረሻ ከማጅራቷና ከጆሮ ግንዷ ሥር እንድትቀባ ተስማሙ። የዘይት ሽቶው ከጅዳ የመጣችው እህቷ ስጦታ ነበርና እርሱም አልቀረም፤ እጅ አንጓዋ ላይ ተነካ። የቅርንፉድ ድሪ ግን ከቤቱም ከገበያውም አልተገኘም። በማግስቱ ቅርንፉድ ገዝቼ ዘፈዘፍሁ፣ ለመልሱ ደረሰላት።